ጌሙ ለኋለኛው ያዳላል፦ የቤተሰብ የካርት ውድድር ለምን ያስቃል፣ ለምንስ ያጣላል?

"ኧረ ይሄ ጌም ያዳላል!" የካርት ጌም በተከፈተበት ቤት ሁሉ ይህች ቅሬታ ሳትሰማ ጨዋታው አያልቅም። ከመነሻው ሲመራ የቆየ ልጅ መጨረሻው ኩርባ ላይ ከኋላ በተወነጨፈ ነገር ተመትቶ ይሽከረከራል። መሪ መያዝ ገና እየለመደች ያለች ታናሽ እህቱ እየሳቀች ታልፈዋለች። እሱ ተጭበረበርኩ ይላል፤ ቤቱ በሙሉ ይስቅበታል።

ልጁ አልተሳሳተም። ጌሙ በእርግጥ ያዳላል። ተበላሽቶ ግን አይደለም፤ እንዲያዳላ ተደርጎ ስለተሠራ ነው።

የካርት ጌም ወሬ እንደገና የሞቀው የጃፓኑ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ስዊች 2 የተባለውን መጫወቻ ሲያወጣ ነው። አብሮት "ማሪዮ ካርት ወርልድ" መጣ፣ ዋጋውም አሜሪካ ውስጥ 80 ዶላር ተባለ። ብዙ ሰው ተናደደ። "ለሕፃናት ጌም ይሄ ሁሉ?" ያለ አለ፤ "ለሕፃናት ብቻ ነው ያለው ማነው?" ያለም አለ። እዚህ ባሕር ዳር መጫወቻውን ያየ ሰው ብዙ ባይሆንም፣ ልጁ ስልኩ ላይ የካርት ጌም ያወረደበት ወላጅ ግን ሞልቷል። ጥያቄውም ያው ነው፦ ይሄ ነገር ችሎታ ነው ዕድል? ጨዋታ ነው ወይስ ገንዘብ መብያ? መልሱ ጌሙ የት ቦታ፣ ከማን ጋር፣ በምን እንደሚጫወቱት ይለያያል።

ካርት ምንድን ነው?

ካርት ጣሪያም በርም የሌላት፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ ትንሽ የውድድር መኪና ናት። የመጀመሪያዋን እ.ኤ.አ. በ1956 ካሊፎርኒያ ውስጥ የሠራት አርት ኢንግልስ ይባላል፤ የሣር ማጨጃ ሞተር ነበር የገጠመላት። አንዷን የከተማችንን ባጃጅ ወስደህ ጣሪያዋን ብታነሳ፣ አንድ ጎማ ብትጨምርላትና ወለሏን አስፋልቱን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ ብታደርገው ወደ ካርት ተጠጋህ ማለት ነው።

የካርት ጌም የሚባለው ታዲያ እንደ እውነተኛው የመኪና ውድድር ጌም ስለ ማርሽና ስለ ጎማ ሙቀት አይጨነቅም። ገጸ ባሕርያቱ ካርቱን ናቸው። መንገዱ ላይ የሙዝ ልጣጭ ይጣላል፣ የኤሊ ቅርፊት ይወነጨፋል፣ መብረቅ ይወርዳል። ደም የለም፣ የሞተ የለም። የወደቀውን አንድ ደመና ላይ የተቀመጠ ፍጡር አንስቶ መንገዱ ላይ ይመልሰዋል። በ"ማሪዮ ካርት ወርልድ" ደግሞ ላም ካርት ትነዳለች፤ ጌሙ ሳይወጣ በፊት በኢንተርኔት ከሁሉ በላይ የተወራላት እሷ ነበረች። ላም መንገድ መሐል ቆማ ማየት ብርቅ ላልሆነብን ለእኛ፣ መሪ ይዛ ስትመጣ ማየት ሌላ ደረጃ ነው።

ለሁለት ሰው ተብሎ የተሠራ

የዘርፉ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው "ሱፐር ማሪዮ ካርት" ነው። ኒንቴንዶ ከዚያ በፊት በ1990 "ኤፍ-ዜሮ" የሚባል በጣም ፈጣን የውድድር ጌም ነበረው፤ ግን የሚጫወተው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሠሪዎቹ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቁጭ ብሎ የሚወዳደርበት ፈለጉ። ለዚያ ስፕሊት ስክሪን ያስፈልጋል። ይህ ማለት አንዱ ቲቪ ለሁለት ተከፍሎ ከላይ የአንዱ፣ ከታች የሌላው መንገድ የሚታይበት አሠራር ነው።

እዚህ ላይ ችግር ገጠማቸው። የጊዜው ማሽን አቅም ትንሽ ነው። በግማሽ ስክሪን ላይ ያን የመሰለ ፍጥነትና ያን የሚያህል ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ለሁለት ሰው እኩል ማሳየት አልቻለም። ስለዚህ መንገዱን አሳጠሩት፣ ኩርባ አበዙበት፣ ለኩርባ የምትመች ትንሽ መኪና ፈለጉ፤ ካርት የመጣችው በዚህ በኩል ነው። የኒንቴንዶ ታዋቂ ገጸ ባሕርይ የሆነው ማሪዮ እንኳ ከመጀመሪያው አልነበረም፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው የገባው።

ይህን ታሪክ ማንሳቱ ያለምክንያት አይደለም። ብዙ የውድድር ጌም መኪናውን ይሠራና "ስንት ሰው ይጫወተው?" ይላል። ይኸኛው ከሰዎቹ ተነስቶ ነው መኪናው ላይ የደረሰው። እ.ኤ.አ. በ1996 ጃፓን ውስጥ በወጣው "ማሪዮ ካርት 64" ተጫዋቾቹ አራት ሆኑ። የአንድ ቤት ሶፋ የሚይዘውም ያንኑ ያህል ነው መሰል።

ማዳላቱ እንዴት ይሠራል?

መንገዱ ላይ ሳጥኖች ተደርድረዋል። ነድተህ ስታልፍባቸው አንድ ዕቃ ይሰጡሃል። ብዙ ሰው ዕቃው በዕጣ የሚመጣ ይመስለዋል። ዕጣ አለበት፣ ግን ዕጣው ለሁሉም እኩል አይደለም። አንደኛ ሆነህ የምትነዳ ከሆነ የሚደርስህ የሙዝ ልጣጭ፣ ሳንቲም፣ ወይም ቀጥ ብላ ብቻ የምትሄድ አረንጓዴ ቅርፊት ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ ማንም የማይነካው የሚያደርገው ኮከብ፣ ሌሎቹን በሙሉ የሚያሳንስና የሚያዘገይ መብረቅ፣ ወይም ራሱ እየነዳ በሰዎች መሐል ሰንጥቆ የሚወስደው ጥይት ይደርሰዋል። በቅርቦቹ ጌሞች ደረጃህ ብቻ ሳይሆን ከመሪው ምን ያህል እንደራቅህም ይቆጠራል።

የዚህ ሁሉ ቁንጮ ሰማያዊዋ ቅርፊት ናት። በ"ማሪዮ ካርት 64" ነው የጀመረችው። ከኋላ ያለ ሰው ይለቃታል፣ አንደኛውን ፈልጋ ሄዳ ትመታዋለች። ወደ ሠላሳ ዓመት ሆኗታል፣ አሁንም ሰው እንደተማረረባት ነው።

ይህን አሠራር ባለሙያዎቹ ራበር ባንዲንግ ይሉታል፤ የላስቲክ አሠራር እንበለው። መሪውና ኋለኛው በላስቲክ የታሰሩ ያህል ነው፤ በራቁ ቁጥር ላስቲኩ ይጎትታቸዋል። ላስቲኩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከላይ ያየነው፣ በዕቃ የሚደረግ እርዳታ ነው። ሁለተኛው ኮምፒዩተሩ የሚነዳቸውን ተወዳዳሪዎች ይመለከታል፤ አንተ ስትፈጥን እነሱም ይፈጥናሉ፣ ስትዘገይ ይጠብቁሃል። የመጀመሪያው በዓይን ስለሚታይ ሰው ይስቅበታል። ሁለተኛው ድብቅ ስለሆነ ሰው ሲነቃበት ያናድዳል፣ እኔም በዚህኛው ከተናዳጆቹ ጋር ነኝ።

የውድድሩ ማጠርም ሳይታሰብበት የተደረገ አይደለም። አንድ ውድድር አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዙር ነው፣ በሁለት ሦስት ደቂቃ ያልቃል። የተሸነፈው ለማኩረፍ ጊዜ ሳያገኝ የሚቀጥለው ይጀመራል።

ከዚያ ደግሞ እጅ ይዞ የመምራት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውና ከ65 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው "ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ" መሪውን በከፊል ራሱ የሚይዝ እርዳታ አለው፤ ከፈለግህ ነዳጁንም ራሱ ይሰጣል። የአራት ዓመት ልጅ ወይም ጆይስቲክ ነክታ የማታውቅ አያት ከመንገድ ሳይወጡ ይጨርሳሉ። ግን ብልሃት አለበት። እርዳታውን የተቀበለ ሰው ከድሪፍት (ኩርባ ላይ በጎን ከመንሸራተት) የሚገኘውን ከፍተኛውን ግፊት አያገኝም፣ ከመንገድ ወጣ ብለው የሚያቋርጡትን አንዳንድ አቋራጭም መጠቀም አይችልም። እርዳታው ጀማሪውን ጨዋታው ውስጥ ያቆየዋል፤ የለመደው ሰው ደግሞ ራሱ ሊያጠፋው ይፈልጋል።

ታዲያ ችሎታ ዋጋ የለውም?

አለው እንጂ። ጌሙ ላይ ላዩን ዕድል ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ሌላ ነገር አለ።

ድሪፍትን እንውሰድ። ድሪፍት ማለት ኩርባ ላይ መኪናዋን በጎን እያንሸራተቱ መታጠፍ ነው። በካርት ጌም ውስጥ እንዲህ ብለህ ትንሽ ከቆየህ ከጎማዋ ሥር ብልጭታ ይወጣል፣ ስትለቀው ወደፊት ትወነጨፋለህ። ለመጀመር ቀላል ነው። በትክክለኛው ጊዜ ለመልቀቅ ግን ወራት ይወስዳል። ሙዝህን ወዲያው ከመጣል ከኋላህ ይዘህ ብትቆይ ከኋላ ተከትሎ የሚመጣብህን ቀይ ቅርፊት ይከላከልልሃል። ከባድ ገጸ ባሕርይ ለመነሳት ይዘገያል እንጂ ከተነሳ አይያዝም፣ ቀላሉ ተቃራኒው ነው። ፍጥነቱም እንደ ሞተር ሳይክል በሲሲ ይመረጣል፤ 50 ሲሲ ለጀማሪ፣ 150 ሲሲ ለለመደ፣ 200 ሲሲ ደግሞ ፍሬን መያዝ ግድ ለሚሆንበት።

ስለዚህ አንድ ውድድር ብቻ ካየህ ማንም ሊያሸንፍ ይችላል። አሥር ውድድር ካየህ ግን ያው ጎበዙ ነው ከላይ የሚገኘው። በእኛ ጨዋታ ብናስበው፣ ዳማ ላይ ጎበዝ ከሰነፍ ከተቀመጠ ውጤቱ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ለዚህ ነው ዳማ ተጫዋች እኩያውን የሚፈልገው። ኮንከር ላይ ግን የመጣልህ ካርታም ስላለ፣ ትንሹ ልጅ አባቱን የሚያሸንፍበት ቀን አይጠፋም። የካርት ጌም የኮንከር ዘመድ ነው።

አባቶችም ይህን ነገር ያውቁት ነበር። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ሲባል የጨዋታው ሜዳ ላይ የውጪው ማዕረግ ለጊዜው ይቀመጥ ማለት ነው። ካርት ጌምም በቤት ውስጥ የሚያደርገው ይህንኑ ይመስላል፤ ታላቅና ታናሽ፣ አዋቂና ጀማሪ የሚባለውን ለሦስት ደቂቃ ይደባልቀዋል።

የሚቃወሙትስ ምን ይላሉ?

ተቃውሞው ቀላል አይደለም። አንደኛው ወገን "የለፋ ሰው ለምን ይቀጣል?" ይላል። ወርልድ ከወጣ በኋላ ይህ ጩኸት ጨምሯል፤ ምክንያቱም ተወዳዳሪው ከ12 ወደ 24 አድጓል። ሃያ አራት ሰው ዕቃ ሲወራወር መሐል ላይ ያለ ሰው የሚደርስበትን ማሰብ ነው። በፋሲካ ዋዜማ ገበያ መሐል ባጃጅ እንደ መንዳት ያለ ነገር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ የሚያሳስብ ይመስለኛል። ኋለኛው ጥሩ ዕቃ የሚያገኝ ከሆነ፣ ብልጥ የሆነ ሰው ሆን ብሎ ወደ ኋላ ይቀራል። ኮከቡንና ጥይቱን ያጠራቅማል፣ መጨረሻ ላይ ያልፋል። ይህ በሐሳብ ብቻ ያለ አይደለም፤ በኢንተርኔት የሚወዳደሩ ጎበዞች በደንብ የሚያውቁት ስልት ነው። ለደካማው የተዘጋጀውን ድጋፍ ጠንካራው ሲበላው ማለት ነው። በጌም ብቻ የሚታይ ነገርም አይደለም።

ኮሪያውያን ለዚህ የተለየ መፍትሔ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የኔክሰን "ካርት ራይደር" ውድድሩን ለሁለት ከፈለው። አንዱ ዕቃ የሚወራወሩበት፣ ሌላው ምንም ዕቃ የሌለበት፣ ድሪፍትና ፍጥነት ብቻ የሚለካበት። መሳቅ የፈለገ ወደዚያ፣ መፎካከር የፈለገ ወደዚህ። ይህ መፍትሔ ከኮሪያ መምጣቱ አይገርምም። እዚያ ጌሙ ያደገው ከቤተሰብ ሳሎን ይልቅ ፒሲ ባንግ በሚባሉት የኮምፒዩተር ኪራይ ቤቶች ነው። በኪራይ ቤት ደግሞ ሰው የሚገናኘው ከእኩያው ጋር ነው፣ ሕጉም ሌላ ነው። ወደ እኛ የሚያመጣንም ይኸው ነው።

ባሕር ዳር ጌም ቤት ውስጥ ለምን ኳስ ብቻ?

በባሕር ዳር ሰፈሮች ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ ለሚያይ ሰው ስክሪኑ ላይ ያለው በአብዛኛው ኳስ ነው፤ ሰው አሁንም ፊፋ የሚለው፣ ስሙ ግን ከ2023 ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ የሆነው። አልፎ አልፎ ድብድብ አለ። ካርት ማየት ብርቅ ነው። ፕሌይስቴሽን ላይ ስለሌለ ነው እንዳይባል፣ አለ። የድሮው "ክራሽ ቲም ሬሲንግ" እ.ኤ.አ. በ1999 ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ወጥቷል፣ እንደገና ተሠርቶም በ2019 ለፕሌይስቴሽን 4 መጥቷል። የሴጋው "ሶኒክ ሬሲንግ ክሮስወርልድስ"ም በመስከረም 2025 ወጥቷል።

አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሰው ለኳስ ያለው ፍቅር። ክለብህን ይዘህ ትጫወታለህ፣ ትላንት ማታ በቲቪ ያየኸውን ዛሬ በእጅህ ትደግመዋለህ።

ሌላው ግን ብዙም አይነሳም፣ እኔ ደግሞ ዋናው እሱ ይመስለኛል። በብዙ ጌም ቤት ተሸናፊ ይከፍላል። ሁለት ልጆች ይቀመጣሉ፣ የተሸነፈው የጨዋታውን ሒሳብ ይዘጋል፣ አሸናፊው ወንበሩን ሳይለቅ ሌላ ይመጣበታል። በዚህ ሕግ ውስጥ ሰማያዊዋን ቅርፊት አስገባት። ሲመራ የነበረው ልጅ መጨረሻ ላይ ተመትቶ ተሸነፈ፣ በዚያ ላይ ከኪሱ ይክፈል! እዚያው ጠብ ነው። ቤት ውስጥ ያሳቀችው ቅርፊት እዚህ ዳኛ እንደሰረቀው ፍጹም ቅጣት ምት ትቆጠራለች። የካርት ጌም ደግነቱ የሚሠራው መሸነፍ ምንም በማያስከፍልበት ቦታ ነው።

ክፍያው በጨዋታ መሆኑ ቀርቶ በሰዓት ቢሆን ነገሩ ይለወጥ ነበር። አራት ልጆች አንድ ሰዓት ተከራይተው እኩል ቢያዋጡ የሚናደድ ቢኖርም የሚከፍል አይኖርም። ነገር ግን አራት ጆይስቲክ ያስፈልጋል፣ ጆይስቲክ ደግሞ ውድ ነው፣ ቶሎም ይበላሻል። የቤቱ ባለቤት ሁለት ጆይስቲክ ይዞ ኳስ ቢያስቀጥል አይፈረድበትም።

ስልክ ላይ ሲመጣ

ለብዙ የጣና ዳር ልጅ የካርት ጌም ማለት ስልክ ነው። ክረምት ሲገባ ትምህርት ይዘጋል፣ ዝናቡ ሰውን ከውጭ ያስገባል፣ የእናት ወይም የአባት ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይቀየራል።

የመጀመሪያው ስክሪኑ ነው። ስልክ ለሁለት አይከፈልም፤ ቢከፈልም አይታይም። ልጆቹ በተራ ነው የሚጫወቱት። አብሮ መጫወት ተብሎ የተፈለሰፈው ነገር የብቻ ይሆናል፤ የተወረወረብህን ቅርፊት የላከው ጎንህ ያለው ወንድምህ ካልሆነ ሳቁ ከየት ይመጣል?

ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። "ማሪዮ ካርት ቱር" እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 በነፃ ወደ ስልክ ሲመጣ ገጸ ባሕርያትና ካርቶች የሚገኙት ጋቻ በሚባል አሠራር ነበር። ጋቻ ከጃፓን የሳንቲም ማሽኖች የመጣ ቃል ነው፤ ከፍለህ ትጎትታለህ፣ ምን እንደሚወጣልህ ግን አታውቅም። ከዚህ ሌላ በወር 5 ዶላር ገደማ የሚያስከፍል አባልነት ነበረው። ተቃውሞው ሲበዛ ጋቻው በ2022 ቀርቶ ዕቃን እያዩ የሚገዙበት ሱቅ ተተካ። የ2019ኙ ክራሽም ቢሆን ለገበያ ከቀረበ ከሳምንታት በኋላ ነው በውስጡ የገንዘብ ግዢ የተጨመረበት፤ ሙሉ ዋጋ ከፍለው የገዙት ሰዎች ተቆጥተው ነበር፣ እውነታቸውንም ነው።

ልዩነቱን ልብ በሉ። በቲቪው ጌም ደካማውን የሚያግዘው ሳጥኑ ነው፣ በነፃ። በስልኩ ጌም እርዳታው ራሱ ዕቃ ሆኖ ተሸጠ። ላስቲኩን የሚጎትተው የባንክ ካርድ ያለው ሰው ሆነ። እዚህ አገር በውጭ ምንዛሪ በኢንተርኔት መክፈል ለአብዛኛው ሰው ስለማይመች ጉዳቱ ከኪስ ይልቅ በሌላ መንገድ ይመጣል፤ ልጁ ማስታወቂያ እያየ ይቆያል፣ ወይም ሳይከፍል የማያልፈው ግድግዳ ላይ ይቆምና ይሰለቻል።

ኢንተርኔቱም ሌላ ጣጣ ነው። ቱር ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ እንዲህ ያለ ጌም ስልክ ላይ ቦታ ከመያዝ ሌላ ጥቅም አልነበረውም። እንደ "ቢች በጊ ሬሲንግ" ያሉት አንዴ ከወረዱ ያለ ዳታ ይሠራሉ። ልጆችም አዲስ ጌም ሲያዩ ቀድመው የሚጠይቁት "ኦፍላይን ይሠራል?" ብለው ነው።

ዋጋው፣ እና አሮጌው ላፕቶፕ

ወደ 80 ዶላሩ እንመለስ። ብሩ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ይህ ከ10 ሺህ ብር በላይ ነው፤ ለአንድ ጌም። መጫወቻው ራሱ በ2025 ሲወጣ 450 ዶላር ነበር፣ ከ50 ሺህ ብር ይበልጣል፣ ያውም ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨመር። አምራቹን የሚደግፉ ሰዎች ጌሙ ለዓመታት እንደሚያገለግል ይናገራሉ፣ ሐሰት አይደለም፤ "ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ" ከወጣ ከስድስት ዓመት በኋላም አዳዲስ መንገዶች ሲጨመሩለት ነበር፣ በጠቅላላው 96 ደርሰዋል። ባሕር ዳር ላለ ደመወዝተኛ ግን ይህ ሒሳብ ገና ከመጀመሪያው አይነሳም።

ቤት ውስጥ አሮጌ ላፕቶፕና ቲቪ ላለው ግን "ሱፐር ታክስ ካርት" የሚባል አለ። በፈቃደኞች የተሠራ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማስታወቂያም ግዢም የሌለበት ነፃ ጌም ነው። እንደ ማሪዮ የተወለወለ አይደለም፣ ገጸ ባሕርያቱንም ብዙ ሰው አያውቃቸውም። ሳጥን አለው፣ ሙዝ አለው፣ ድሪፍት አለው። አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ በፍላሽ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ዋናው ነገር ስክሪኑን ይከፍላል። ጆይስቲክ ባይኖርም ሁለት ልጆች በአንድ ኪቦርድ፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ሆነው ይነዳሉ፤ ክርን ለክርን መገፋፋቱ ከጌሙ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው።